ካርቡሬተር ያለው አሮጌ የጭነት መኪና የኤሌክትሪክ ነዳጅ ፓምፕ ሲያስቸግር፦ ብልሽቱን ደረጃ በደረጃ የመለየት መመሪያ

ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ክፍል) ያለው አሮጌ የጭነት መኪና ዳገት ላይ ሲንገጫገጭ፣ ከረጅም ጉዞ በኋላ በሙቀት ሲጠፋ ወይም ጠዋት ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሣው ትንሽ ሞተር) ብዙ ካልዞረ አልነሣም ሲል፣ ጣት ቀድሞ የሚቀሰረው በነዳጅ ፓምፑ ላይ ነው። ፓምፑ ይፈታል፣ አዲስ ይገዛል፣ መኪናው ለጥቂት ቀናት ደኅና ይመስላል፤ ከዚያም ያው ችግር ይመለሳል። ይህ የሚሆነው አዲሱ ፓምፕም እንደ አሮጌው ሁሉ በዛገ ሽቦ የሚመጣ ደካማ ኤሌክትሪክ ስለሚደርሰው፣ በተሰነጠቀ ጎማ አየር ስለሚስብ ወይም ዝገት ከሞላው ሰልባትዮ (የነዳጅ ታንክ) ነዳጅ ለማውጣት ስለሚታገል ነው። በመሆኑም እዚህ የቀረበው የምርመራ ቅደም ተከተል ፓምፑን የመጨረሻው ተጠርጣሪ ያደርገዋል፤ ሌላው ሁሉ በልኬት ነጻ ከወጣ በኋላ ብቻ ፓምፑ ይለወጣል።

መመሪያው የሚመለከተው በቤንዚን የሚሠሩ፣ 12 ቮልት ባትሪ ያላቸውንና የባትሪያቸው ኔጌቲቭ ከሻንሲ (ከመኪናው የብረት አካል) ጋር የተያያዘባቸውን መኪኖች ነው። እጅግ ያረጁ አንዳንድ መኪኖች በ6 ቮልት የሚሠሩ ወይም ፖዘቲቩ ከሻንሲ ጋር የተያያዘባቸው ስለሆኑ፣ መልቲሜትር ከማንሣትዎ በፊት የእርስዎ መኪና ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይለዩ።

ስለ ፓምፑ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት

ካርቡሬተር የሚፈልገው ግፊት በጣም ትንሽ ነው። ትልልቅ ካርቡሬተሮች በአብዛኛው ከ4 እስከ 7 ፒኤስአይ፣ ማለትም ከ0.28 እስከ 0.48 ባር በሚደርስ ግፊት ይሠራሉ፤ ትንንሾቹ ደግሞ ከ2 እስከ 4 ፒኤስአይ ይበቃቸዋል። በኢንጀክሽን ለሚሠራ ሞተር የተሠራ ፓምፕ ግን 40 እና ከዚያ በላይ ፒኤስአይ ስለሚገፋ፣ ያለ ተገቢ ግፊት መቀነሻ ካርቡሬተር ላይ ቢገጠም በቋቱ (ካርቡሬተሩ ነዳጅ በሚያጠራቅምበት ትንሽ ዕቃ) መግቢያ ያለውን የመርፌ ቫልቭ በኀይል ከፍቶ ሞተሩን በቤንዚን ያጥለቀልቀዋል። «ጠንከር ያለ ፓምፕ ይሻላል» የሚለው ምክር ለካርቡሬተር መኪና አይሠራም። በእጅዎ ያለው ፓምፕ ምን ያህል ግፊት እንደሚሰጥ በገላው ላይ ከተጻፈው ቁጥር ወይም ከካርቶኑ ያረጋግጡ።

በእነዚህ መኪኖች ላይ የሚገኙት ዝቅተኛ ግፊት ፓምፖች በጥቅሉ ሁለት ዐይነት ናቸው። አንደኛው በማግኔት ኀይል ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሚመላለስ ዘንግ የሚሠራውና «ጠክ ጠክ» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው በትንሽ ሞተር የሚሽከረከርና የማያቋርጥ የጉምጉምታ ድምፅ የሚያሰማው ነው። ይህ ልዩነት በኋላ በጆሮ ለሚደረገው ምርመራ ያስፈልጋል። ሁለቱንም የሚያመሳስላቸው ነገር ቢኖር መግፋት እንጂ መሳብ አለመውደዳቸው ነው፤ ስለዚህም ነው ከሞተሩ አጠገብ ሳይሆን ከሰልባትዮው አጠገብ፣ ቢቻል ከሰልባትዮው ወለል ጋር እኩል ወይም ዝቅ ብለው መገጠም ያለባቸው። ከቀድሞው ባለቤት የተረከቡት መኪና ፓምፑ ኮፈኑ ሥር፣ ሞተሩ ጎን ላይ የታሰረ ከሆነ፣ የሙቀት ሰዓት ችግር ግማሽ መልስ እዚያው አለ።

የደኅንነት ጥንቃቄ

የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ጉድጓድ ውስጥም ይጠራቀማል። ስለዚህ ሥራውን በመጠገኛ ጉድጓድ ላይ አያድርጉት፤ አየር በሚዘዋወርበት ክፍት ቦታና ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት ያድርጉት። ለቤንዚን እሳት የተፈቀደ የዱቄት ማጥፊያ እጅዎ በሚደርስበት ቦታ ይኑር። የሚግል አምፖል ያለው መብራት አይጠቀሙ። ከመኪናው ሥር የሚገቡ ከሆነ ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ ሻንሲውን በጠንካራ መደገፊያ ያሳርፉ፣ ጎማዎቹንም በታኮ ይያዙ። የነዳጅ ቱቦ ሲፈታ ወይም ሲገጠም የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል፤ ለልኬት እንደገና የሚታሰረው የፈሰሰው ሁሉ ተጠርጎ ተኑ ከበነነ በኋላ ነው። ቤንዚንን በአፍ መሳብ ወደ ሳንባ ሊያስገባውና ሕይወት ሊያሳጣ ስለሚችል ፈጽሞ አይሞከርም።

ለምርመራው የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ብዙ አይደሉም፦ መልቲሜትር፣ ከ0 እስከ 15 ፒኤስአይ የሚያሳይ የግፊት መለኪያ ከሦስት መንገድ ማገናኛ ጋር፣ ፊውዝ የተገጠመለት ረጅም የሙከራ ሽቦ፣ ለነዳጅ የተሠራ አንድ ሁለት ሜትር የጎማ ቱቦ፣ መጠኑ የታወቀ የነዳጅ መያዣ ዕቃ እና ደረቅ ጨርቅ።

ደረጃ 1፦ ችግሩ በእርግጥ የነዳጅ መሆኑን ማረጋገጥ

ሞተሩ አልነሣ ሲል ወይም እንደጠፋ ወዲያውኑ የአየር ፊልትሮውን ክዳን ያንሡ። ሞተሩ እንደቆመ፣ ቁልፉም ተዘግቶ፣ ወደ ካርቡሬተሩ ጉሮሮ እየተመለከቱ የነዳጁን ዘንግ (የነዳጅ ፔዳሉ የሚስበውን) በእጅዎ እስከ መጨረሻው ይሳቡት። በቋቱ ውስጥ ነዳጅ ካለ ከትንሿ መርጫ ቀጭን የቤንዚን ጅረት ወዲያውኑ ይረጫል። ደጋግመው ቢስቡትም የሚወጣ ነገር ከሌለ ቋቱ ባዶ ነው፤ ምርመራው ወደ ፓምፑ ይቀጥላል። ጅረቱ ጠንካራ ሆኖ እያለ ሞተሩ ካልተነሣ ግን ነዳጁ ደርሷል ማለት ስለሆነ፣ ፊትዎን ወደ ብልጭታው ክፍሎች፣ ማለትም ወደ ቦቢና (ከፍተኛ ቮልት የሚፈጥረው ጥቅል)፣ ወደ ፑንቲና (የቦቢናውን ኤሌክትሪክ የሚቆራርጠው መገናኛ) እና ወደ ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪው) ያዙሩ።

ይህ ሙከራ በተለይ ሲሞቅ ለሚጠፋ መኪና ዋጋው ትልቅ ነው። የሚሞት ቦቢና ልክ እንደ ነዳጅ እጥረት ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሣል፤ ሁለቱን የሚለየው ሞተሩ በጠፋበት ቅጽበት የሚደረግ ምርመራ ብቻ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቢመረመር ሁለቱም ደኅና ሆነው ይገኛሉ።

ደረጃ 2፦ ማዳመጥ

ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን ይክፈቱና ሌላ ሰው ከፓምፑ አጠገብ ሆኖ እንዲያዳምጥ ያድርጉ። ጠክ ጠክ የሚለው ዐይነት ፓምፕ ቋቱ ባዶ ሲሆን በፍጥነት ይመታል፤ ቋቱ ሞልቶ መርፌው ሲዘጋ ምቱ ይዘገያል ወይም ይቆማል። ሳይዘገይ በፍጥነት መምታቱን ከቀጠለ ወይ አየር እየሳበ ነው፣ ወይ ነዳጅ እየደረሰው አይደለም፣ ወይ ደግሞ ነዳጁ በሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። የሚሽከረከረው ዐይነት ደግሞ አየር ሲስብ ድምፁ ይቀጥናል፣ ያፏጫልም፤ መውጫው ሲደፈን ወፍሮ ያጉረመርማል።

ምንም ድምፅ ከሌለ ቁልፉን እንደከፈቱ የፓምፑን ገላ በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጉት። በዚህ ጊዜ ከተነሣ በውስጡ ያሉት የካርቦን ብሩሾች ወይም መገናኛዎች አልቀዋል፤ ወደ ቤት ያደርስዎት ይሆናል፣ ከዚያ አልፎ ግን አይታመንም። መታ ቢደረግም ዝም ካለ ገና ሞቷል አይባልም፤ ኤሌክትሪክ እየደረሰው መሆኑ አልተረጋገጠምና።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ፑንቲና ባለው መኪና ላይ ሞተሩ ሳይሠራ ቁልፉን ለረጅም ጊዜ ክፍት አድርጎ መተው ቦቢናውን ያግላል፣ ፑንቲናውንም ያቃጥላል። ልኬቱ ከአንድ ሁለት ደቂቃ የሚያልፍ ከሆነ ለቦቢናው ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ሽቦ ነቅለው ጫፉን በቴፕ ይሸፍኑት፤ አለዚያ አንዱን ብልሽት ሲፈልጉ ሌላ ይጨምራሉ።

ደረጃ 3፦ ኤሌክትሪኩን መመርመር

ከሁሉም በላይ ጊዜ መሰጠት ያለበት ለዚህ ደረጃ ነው። በመጀመሪያ ባትሪውን ይለኩ፤ ሙሉ የሆነ ባትሪ ሞተሩ ቆሞ ሳለ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ በዲናሞው ኀይል ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ያሳያል። ይህ ካልሆነ የባትሪው ወይም የዲናሞው ችግር ይቅደም።

ቀጥሎ ፊውዙን አውጥተው ይዩት። ሽቦው አልተቃጠለም ብለው በዐይን ብቻ አይለፉት፤ የተቀመጠበት ቦታ አረንጓዴ ዝገት ይዞ እንደሆነ ወይም ፕላስቲኩ በሙቀት ቡናማ ሆኖ እንደሆነ ይመልከቱ። ፊውዙ ከተቃጠለ ከተጻፈበት በላይ አምፔር ያለው አይተኩበት።

አሁን ወደ ዋናው ልኬት እንምጣ። ብዙዎች የሚሳሳቱት የፓምፑን ሶኬት ነቅለው በነጻው ሽቦ ላይ ቮልት በመለካት ነው። መልቲሜትር የሚስበው ኤሌክትሪክ ኢምንት ስለሆነ፣ ከውስጥ ዝጎ አንዲት ፀጉር የምታህል ክር ብቻ የቀረችው ሽቦ እንኳ በዚህ ልኬት 12.4 ቮልት ታሳያለች። ሶኬቱ ተሰክቶ ፓምፑ ሥራ ሲጀምር ግን ያው ሽቦ ወደ 7 ወይም 6 ቮልት ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ልኬቱ ሶኬቱ እንደተሰካ፣ ፓምፑም እየሠራ ወይም ለመሥራት እየሞከረ ሳለ፣ የመልቲሜትሩን መርፌዎች ከሶኬቱ ጀርባ በማስገባት ይደረግ።

በሁለቱ የፓምፑ ጫፎች መካከል የሚገኘው ቮልት ከባትሪው ቮልት ብዙ ካነሰ፣ ኀይሉ የት እንደሚጠፋ ለማወቅ ሁለቱን ወገን ለየብቻ ይለኩ። መልቲሜትሩን በ20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርገው፣ ቀዩን መርፌ በረጅም ሽቦ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ከፓምፑ ፖዘቲቭ ጋር ያገናኙ። ፓምፑ እየሠራ የሚታየው ቁጥር በመንገድ ላይ የጠፋው ቮልት ነው፤ ከ0.5 ቮልት ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከዚያ ጥቁሩን ከባትሪው ኔጌቲቭ፣ ቀዩን ከፓምፑ የማሳ (ከሻንሲ ጋር የሚያያዘው ኔጌቲቭ) ጫፍ ጋር ያገናኙ፤ እዚህ ከ0.2 ቮልት በላይ ከታየ ማሳው ደካማ ነው።

ማሳው በአሮጌ መኪና ላይ የመጀመሪያው ጥፋተኛ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፓምፖች ንዝረታቸው እንዳይሰማ በጎማ ማረፊያ ላይ ስለሚገጠሙ ከሻንሲው ጋር በቀጥታ አይነካኩም፤ ማሳው የሚመጣው በተለየ አጭር ሽቦ ነው፤ ያ ሽቦ ደግሞ ቀለምና ጭቃ በተለበጠ ሻንሲ ላይ በአንዲት ቡሎን የታሰረ ነው። ቡሎኑን ፈትተው፣ የሚያርፍበትን ቦታ ብረቱ እስኪያበራ በሽቦ ብሩሽ ፈትገው፣ መልሰው አጥብቀው በላዩ ቅባት ይቀቡት። ከዚያ ልኬቱን ይድገሙ፤ ብዙ ጊዜ ምርመራው እዚህ ላይ ያልቃል።

ጥፋቱ በፖዘቲቭ ወገን ከሆነ የሽቦውን መንገድ ከፓምፑ ወደ ኋላ ይከተሉ። በመንገዱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ይገኛል። በመደበኛው ሪሌ ላይ ቁጥር 30 ከባትሪ የሚመጣው፣ ቁጥር 87 ወደ ፓምፑ የሚሄደው ነው፤ 85 እና 86 ደግሞ የውስጡን ማግኔት የሚቀሰቅሱት ናቸው። ቁልፉ ሲከፈት «ቀጭ» ማለቱ ማግኔቱ መሥራቱን ብቻ ይናገራል፤ የውስጡ መገናኛ ተቃጥሎ ኀይል ላያስተላልፍ ይችላል። ሪሌውን ነቅለው የሶኬቱን 30 እና 87 ፊውዝ ባለው ሽቦ ያገናኙ። ፓምፑ ከተነሣ ሽቦው እስከ ፓምፑ ድረስ ደኅና ነው፤ ጉድለቱ በሪሌው ወይም ሪሌውን በሚቀሰቅሰው መሥመር ላይ ነው።

በሪሌው መሥመር ላይ ሁለት የደኅንነት ማብሪያዎች ሊኖሩ ይችላሉ። አንደኛው የዘይት ግፊት ሲኖር ብቻ ፓምፑን የሚያሠራው ነው፤ በዚህ ዐይነቱ አሠራር ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ ፓምፑ ኀይል የሚያገኘው በሌላ መሥመር ስለሆነ፣ ማብሪያው ሲበላሽ ሞተሩ በደንብ ይነሣና በቋቱ የነበረው ነዳጅ እንዳለቀ ይጠፋል። «ይነሣል፣ ግን ወዲያው ይጠፋል» የሚል አቤቱታ ሲሰሙ ይህን ያስቡ። ሁለተኛው በግጭት ጊዜ ፓምፑን የሚያቆመው ማብሪያ ሲሆን፣ ክፉ ጉድጓድ ውስጥ በመግባት ብቻም ሊዘጋ ይችላል፤ በላዩ ያለውን አዝራር ተጭነው ይመልሱት።

ሽቦው በሰው እጅ የተዘረጋ ከሆነ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ፓምፑ በኋላ ዘመን የተጨመረ ከሆነ፣ ኀይሉ ከየት እንደተወሰደ ማየት ግድ ነው። ብዙ ሰዎች ቁልፍ ሲከፈት ኀይል የሚያገኝ ቅርብ ሽቦ ሲፈልጉ ከቦቢናው ፖዘቲቭ ይቀጥላሉ። በብዙ የፑንቲና መኪኖች ላይ ግን ቦቢናው የሚመገበው ቮልት በሚቀንስ ተከላካይ በኩል ስለሆነ፣ ሞተሩ ሲሠራ እዚያ የሚገኘው ከ6 እስከ 9 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። እንዲህ የተገናኘ ፓምፕ ድምፁ ይሰማል፣ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ላይም ሞተሩን ያኖራል፤ ጭነት ተጭኖ ዳገት ሲመጣ ግን ነዳጅ ያልቅበታል። ባለቤቱም ፓምፕ ከመለወጥ አያርፍም። መፍትሔው በሪሌ በኩል ከባትሪው ቀጥተኛ መሥመር መዘርጋት ሲሆን፣ ፊውዙም ከባትሪው አጠገብ ይሁን።

ኀይሉ ሙሉ ሆኖ ሳለ ፓምፑ ዝም ካለ ፓምፑ በእርግጥ ሞቷል። እየሠራ ግን ካጠራጠረዎት የሚስበውን አምፔር ይለኩ። ዝቅተኛ ግፊት ፓምፖች በአብዛኛው ከ1 እስከ 5 አምፔር ይስባሉ። ከዚያ በጣም ከበለጠ የውስጡ አካል ተጣብቋል፤ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ እያለ የሚወላውል ከሆነ ብሩሾቹ እያለቁ ነው።

ደረጃ 4፦ የሚያፈሰውን መጠን መለካት

ፓምፑ ኀይል አግኝቶ እየሠራ ከሆነ ጥያቄው ምን ያህል ነዳጅ ያደርሳል የሚለው ነው። ከካርቡሬተሩ መግቢያ ላይ ቱቦውን ይፍቱ፤ ጫፉን በረጅም ጎማ ቀጥለው መሬት ላይ በተቀመጠ የነዳጅ መያዣ ውስጥ ያስገቡ፤ የመያዣውን አፍ በእርጥብ ጨርቅ ከልለው፣ ከማንኛውም ትኩስ ነገር አርቀው ለ30 ሴኮንድ ያሠሩት። ቢያንስ ግማሽ ሊትር ሊወጣ ይገባል። ፓምፑ ላይ ወይም በካርቶኑ ላይ የሰዓት ፍሰቱ ተጽፎ ከሆነ ከዚያ ጋር ያነጻጽሩ፤ ከጽሑፉ ትንሽ ቢያንስ ግን አይደንግጡ፣ አምራቹ የለካው ረጅም ቱቦና ፊልትሮ ሳይኖር ነውና።

ከመጠኑ ባልተናነሰ የአፈሳሰሱ ጠባይ ይታይ። በጅረቱ ውስጥ አረፋ ከታየ ከፓምፑ በፊት አየር ይገባል። መጀመሪያ በኀይል ፈስሶ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ እየቀጠነ የሚሄድ ከሆነ ሰልባትዮው መተንፈስ አቅቶታል ወይም የመሳቢያው አፍ ተደፍኗል። የወጣውን ነዳጅ በጥራት አሳልፎ በሚያሳይ ዕቃ ውስጥ ጥቂት አስቀምጠው ቢያዩት ደግሞ ከታች የሚዘቅጠው ቡናማ ዱቄት ዝገትን፣ ከሥሩ ተለይቶ የሚቀመጠው ንጹሕ ጠብታ ውኃን ያመለክታል።

ደረጃ 5፦ ግፊቱን መለካት

መለኪያውን በሦስት መንገድ ማገናኛ በካርቡሬተሩ መግቢያ አጠገብ ያስገቡ። የግፊት መቀነሻ ካለ መለኪያው ከእሱ በኋላ ይሁን። በመጀመሪያ ሚኒሞ ላይ፣ ቀጥሎ ሞተሩን ከፍ አድርገው ይመልከቱ። ቆሞ ሲለካ ደኅና የሆነ ሥርዓት ጭነት ላይ ሊደክም ስለሚችል፣ የተሻለው መንገድ ረጅም የነዳጅ ጎማ ቀጥሎ መለኪያውን ከፊት መስታወቱ ውጪ አጥብቆ አስሮ ዳገት ላይ መንዳት ነው፤ ነዳጅ ያለበትን መለኪያ ወደ ካቢኔው ውስጥ ማስገባት ግን ክልክል ነው። በዳገቱ ላይ ግፊቱ ወደ ዜሮ ከተጠጋና ሞተሩም በዚያው ጊዜ ከደከመ እጥረቱ ተረጋግጧል። ግፊቱ ሳይናወጥ ሞተሩ ከደከመ ካርቡሬተሩን ወይም ብልጭታውን ይመርምሩ።

ግፊቱ ከተገቢው በላይ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ጥቁር ጭስ፣ በቤንዚን የራሱ ካንዴላዎች፣ የቤንዚን ሽታ እና ከካርቡሬተሩ መተንፈሻ የሚንጠባጠብ ነዳጅ የዚህ ምልክቶች ናቸው። መለኪያው ትክክለኛ ቁጥር እያሳየ ካርቡሬተሩ ከተጥለቀለቀ ግን ፓምፑ ንጹሕ ነው፤ በመርፌው መቀመጫ ላይ ቆሻሻ ተቀምጧል ወይም የቋቱ ተንሳፋፊ ተበስቶ ሰጥሟል። አዲስ ጎማ ከተገጠመ በኋላ የሚከሰት መጥለቅለቅ ብዙ ጊዜ ጎማው ሲቆረጥ የተፈረፈረው ጥቁር ብናኝ መርፌው ላይ በማረፉ ነው።

አሮጌው መካኒካል (በሞተሩ ኀይል የሚሠራው) ፓምፕ ሳይወገድ ነዳጁ በእሱ ውስጥ እንዲያልፍ የተደረገ ከሆነ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው ያሽትቱ። የመካኒካሉ ፓምፕ የውስጥ ስስ ሽፋን ሲቀደድ ኤሌክትሪኩ ፓምፕ ቤንዚኑን በቀዳዳው በኩል ወደ ዘይቱ ይገፋዋል። ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ወይም ከመጠኑ ከፍ ካለ ሞተሩን አያስነሡ፤ አሮጌውን ፓምፕ አውልቀው ቦታውን በክዳን ይዝጉ፣ ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውንም ይለውጡ።

ደረጃ 6፦ ከፓምፑ በፊት ያለውን መንገድ መፈተሽ

መጠኑ ወይም ግፊቱ አንሶ ኤሌክትሪኩ ሙሉ ከሆነ፣ ፓምፑንና ሰልባትዮውን የሚለይ አንድ ቁርጥ ያለ ሙከራ አለ። የፓምፑን መግቢያ ቱቦ ነቅለው ከሰልባትዮው የሚመጣውን ጫፍ ይዝጉ፤ በምትኩ አዲስ አጭር ጎማ ገጥመው ጫፉን ንጹሕ ቤንዚን ባለበት መያዣ ውስጥ ያስገቡ፤ መያዣውም ከፓምፑ እኩል ቁመት ላይ ይቀመጥ። የደረጃ 4 ልኬት ይደገም። አሁን በደንብ ከፈሰሰ ፓምፑ ደኅና ነው፤ ጥፋቱ ከእሱ በፊት ነው። አሁንም ከደከመ ፓምፑ ተፈርዶበታል። ይህ ሙከራ መኪናው ቆሞ ብቻ የሚደረግ ነው።

ጥፋቱ ወደ ሰልባትዮው ወገን ከሆነ በጣም ከቀላሉ ይጀምሩ፤ ክዳኑን ይክፈቱ። ሲከፈት አየር በኀይል ወደ ውስጥ ከገባና መኪናው ክዳኑ ላላ ተደርጎ ሲነዳ ከተሻለው መተንፈሻው ተደፍኗል። ሁለት ሰልባትዮ ያለው መኪና ከሆነ ወደ ሌላኛው ቀይረው ይሞክሩ፤ በአንዱ ላይ ብቻ የሚታይ ችግር ፓምፑን ነጻ ያወጣዋል።

ቀጥሎ የጎማ ቱቦዎቹን በጣትዎ እየዳሰሱ ይፈትሹ። ከፓምፑ በኋላ ያለ ስንጥቅ ነዳጅ ስለሚያፈስ ራሱን ያጋልጣል፤ ከፓምፑ በፊት ያለው ስንጥቅ ግን ጠብታ ሳያሳይ አየር ብቻ ያስገባል፤ በተሰነጠቀ መቃ ውኃ ለመምጠጥ እንደመሞከር ነው። ጎማውን ጎንበስ ሲያደርጉት ጥቃቅን ስንጥቆች ከታዩበት፣ ሲጫኑት ከለሰለሰና ከተጣበቀ ወይም ጥቁር ቀለም በእጅዎ ላይ ከተወ ይለወጥ። ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን አሮጌ ጎማን ከውስጥ ያሟሟል፤ ውጪው ጤነኛ መስሎ ውስጡ አብጦ መንገዱን ሊዘጋው ይችላል። ከሰልባትዮው አናት ላይ ያለችው አጭር ጎማ ለማየት ስለምታስቸግር ሁልጊዜ ትረሳለች፤ እሷንም አይለፏት።

ፊልትሮን በተመለከተ ቦታው ከጥራቱ እኩል ያስፈልጋል። ከፓምፑ በፊት የሚገባው ሰፋፊ ቀዳዳ ያለው፣ ትልልቁን ቆሻሻ ብቻ የሚይዝ ማጣሪያ ነው፤ ደቂቁን የሚያጠራው የወረቀት ፊልትሮ ከፓምፑ በኋላ ይሁን። የወረቀቱ ፊልትሮ ከፓምፑ በፊት ከገባ ፓምፑ በደንብ በማይችለው በመሳብ ሥራ ላይ ስለሚታገል ይግላል፣ ቶሎም ያረጃል።

በመጨረሻ የሰልባትዮው ውስጥ ይቀራል። ከፓምፑ መግቢያ የተነቀለውን ቱቦ በእጅ የጎማ መንፊያ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ቀስ ብለው ወደ ሰልባትዮው ይንፉበት። የአየሩ መፍለቅለቅ ከተሰማና መኪናው ለአንድ ሁለት ቀን ተሽሎት እንደገና ከታመመ፣ በመሳቢያው አፍ ላይ ያለው ወንፊት በዝገትና በቅጠል መሳይ ቆሻሻ ተሸፍኗል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ሰልባትዮውን ከማውረድና ከማጽዳት የሚያድን አቋራጭ የለም። ባዶ ሰልባትዮ በተን የተሞላ ስለሆነ ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ብየዳ ካስፈለገው ሙያው ላለው ሰው ይሰጥ።

ሲሞቅ ብቻ የሚጠፋ መኪና

ቤንዚን በቱቦው ውስጥ እያለ በሙቀት ወደ ተን ከተለወጠ ፓምፑ ፈሳሽ የሚገፋበት ነገር ያጣል። በደረጃ 1 ቋቱ ባዶ ሆኖ፣ ፓምፑም እየሠራ ከተገኘ፣ የነዳጅ ቱቦውን መንገድ ከማርሚታው (ከድምፅ ማፈኛው) እና ከጭስ ማውጫው ቱቦ አንጻር ይከተሉ። ከእነዚህ የተጠጋውን ቱቦ ያርቁ፣ ማራቅ በማይቻልበት የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ በመካከል ያስገቡ። ትርፉን ነዳጅ ወደ ሰልባትዮው የሚመልስ ቱቦ ባለው መኪና ላይ ነዳጁ በቀጣይነት ስለሚዘዋወር ይህ ችግር ይቀንሳል፤ የመመለሻው ቱቦ በሰው እጅ ተደፍኖ ከተገኘ ይከፈት። ፓምፑ ራሱ ሲግል ዝም የሚል ከሆነ ግን፣ በዚያ ቅጽበት ቮልቱ ሙሉ መሆኑን ለክተው ይለውጡት።

አዲስ ፓምፕ ሲገጠም

ፍርዱ በፓምፑ ላይ ካረፈ አዲሱን በአሮጌው ሁኔታ ላይ አይግጠሙት። በገላው ላይ ያለው ቀስት ወደ ካርቡሬተሩ ያመልክት። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ እንዳይምታታ፤ የሚሽከረከረው ዐይነት ሲገለበጥ ወደ ኋላ ይዞራል፣ በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራው ደግሞ ሊቃጠል ይችላል። ማሳው በተጸዳ ብረት ላይ ይታሰር፤ ሽቦውና ቱቦው ከሻንሲው ስለታም ጠርዞች ይጠበቁ። ሞተሩ ሲጠፋ ወይም መኪናው ሲጋጭ ፓምፑን የሚያቆም ማብሪያ ከሌለ በዚሁ አጋጣሚ ይጨመር፤ ቱቦ ተበጥሶ ቁልፉ እንደተከፈተ ቢቀር ፓምፑ ሰልባትዮውን እስኪጨርስ በትኩስ ሞተር ላይ ቤንዚን ማፍሰሱን ይቀጥላልና።

ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን ከፍተው ፓምፑ ቱቦውን ይሙላ፤ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ጨርቁ መራሱን ይመልከቱ። ከዚያ አስነሥተው ግፊቱን ሚኒሞ ላይ፣ ቮልቱን በፓምፑ ጫፍ ላይ ይለኩና ሁለቱን ቁጥሮች ከቀኑ ጋር በወረቀት ጽፈው ከመኪናው ሰነድ ጋር ያስቀምጡ፤ በሚቀጥለው ብልሽት የሚያወዳድሩበት ልኬት ይኖርዎታል። ሰልባትዮው ተጸድቶ ከሆነ የቀረው ዝገት ለጥቂት ጊዜ መውረዱን ስለማይተው፣ አዲሱ ፊልትሮ ከተለመደው ጊዜ ቀደም ብሎ ተፈትቶ ይታይ፣ ቆሽሾ ከተገኘም ይለወጥ።